የሙሜ ስም የቀረበት ካርቦን

ጭሮ ላይ፣ ያኔ ሰው ሁሉ አሰበ ተፈሪ በሚላት ከተማ፣ ጉም በእግሩ ነው የሚወርደው ይላሉ። ከተራራው ይነሳና በጫቱ እርከን ላይ ቀስ እያለ፣ ቤት እንደጠፋበት እንግዳ ደጅ ደጁን እያየ ይመጣል። መጀመሪያ የገበያውን ቆርቆሮ፣ ከዚያ ፍርድ ቤቱን፣ ከዚያ አጸደ የምትሠራበትን ቢሮ ያለብሰዋል። አጸደ ጉም ትወዳለች። በጉም ውስጥ ስትሄድ ማንም አያያትም፤ ማንም ካላያት ደግሞ ቆማ ሰላምታ መመላለስ የለባትም።

ዓይን አፋር ነበረች። ልጅ ሳለች ይለቃታል ተብሎ ነበር፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሲሆናትም አልለቀቃትም። ሰው ፊት ስትቆም ምላሷ ይታሰራል። መልሱ የሚመጣላት ሰውየው ከሄደ በኋላ ነው፤ ያኔ ብቻዋን መንገድ ላይ «እሱማ እንዲህ ነው እኮ» እያለች ትመልሳለች። ያያት ሁሉ «ይቺ ሴትዮ ከማን ጋር ነው የምታወራው?» ይላል።

የተወለደችው ቆላ፣ አሰቦት ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው። አባቷ አቶ ገብሬ የሃዲድ ሠራተኛ ነበሩ። በልጅነቷ ከሃዲዱ ዳር ቁጭ ብላ፣ ከሩቅ የገዳሙን ተራራ እያየች የባቡሩን ድምፅ ስትሰማ ጭልጥ ብላ ትሄድ ነበር። ባቡሩ ያልፋል፤ እሷ ግን ቶሎ አትመለስም። እናቷ «ኧረ ይቺን ልጅ ባቡር ወሰዳት!» እያሉ ትከሻዋን ይነቀንቋታል። አማርኛውን ከቤት፣ ኦሮምኛውን ከጎረቤት ለመደች፤ ትምህርት ቤት ግን አልገባችም። ባሏ ሲሞትባት ወደ ደጋ ወጥታ አሰበ ተፈሪ ልብስ አጣቢ ሆነች። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ ቀበሌው ስሟን መዝግቦ አስገባት፤ በዚያው ፊደል ቆጠረች። ማንበቧ ወንዝ በድንጋይ እንደመሻገር ነው። አንዱን ፊደል ትረግጣለች፣ ትቆማለች፣ ሚዛኗን ትጠብቃለች፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ትዘላለች። አንዳንዴም መሐል ላይ ትቀራለች።

ያቺኑ ፊደል ይዛ ነው ክስ የሚያዘጋጅ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተላላኪ የሆነችው። ፋይል ታወጣለች፣ ፋይል ታስገባለች። አንድ ደብተር ተሰጥቷታል፤ የወጣውን በግራ፣ የገባውን በቀኝ ትጽፋለች። ጽሑፏ ጠማማ ስለሆነ ሰው ሲጠጋ በእጇ ትከልለዋለች።

እንግዲህ በ1978 ዓ.ም. ሰኔ ወር ላይ አንድ ክስ መጣ። ቦርደዴ ካለ የእርዳታ እህል መጋዘን ብዙ እህል ጠፍቶ የመጋዘኑ ኃላፊ መኮንን ታስሯል። ያዩ ሰዎች አሉ። ግን ሰው ይፈራል፤ የመኮንን ወንድም ዓባይ የሚባል ጉልበተኛ አለ። ካቻምና አንድ ዘበኛ «አይቻለሁ» ብሎ አፉን ከፈተ ተብሎ ጎጆው ተቃጥሏል። ስለዚህ የምስክሮቹ ስም እስከ ቀጠሮው ቀን ድረስ ምስጢር እንዲሆን ተወሰነ፤ ፋይሉ ላይም ቀይ ማኅተም ተመታ።

የመጨረሻው ምስክር ሙሜ የሚባሉ የመጋዘኑ ዘበኛ ናቸው። ዱላቸውን ይዘው መጡ። አማርኛ ብዙም አይችሉም፤ አስተርጓሚው ደግሞ የዚያን ቀን ሂርና ሄዷል። ዐቃቤ ሕጉ አቶ ኃይለገብርኤል ዙሪያውን ሲያዩ አጸደ በሩ ላይ ቆማለች።

«አጸደ፣ ኦሮምኛ ትችያለሽ አይደል?»

«ት... ትንሽ።»

«ነይ ተቀመጪ።»

ሙሜ ያዩትን ሁሉ ተናገሩ፤ መኪናው በየትኛው በር እንደገባ፣ ማን እንዳሸከመ፣ መኮንን ምን ብሎ እንዳስፈራራቸው። አጸደ ቃል በቃል አሸጋገረች። በሰው ቃል መናገር እንዲህ ቀላል መሆኑን አታውቅም ነበር፤ አንድም ጊዜ አልተንተባተበችም። ሲጨርሱ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ፈረሙና ወደ ዐቃቤ ሕጉ ሳይሆን ወደ እሷ ዞሩ።

«ልጄ፣ ስሜ ይወጣል?»

ጠየቀችላቸው። «ምስጢር ነው በያቸው» አሉ አቶ ኃይለገብርኤል ከወረቀታቸው ላይ ቀና ሳይሉ።

ምስጢር ነው አለቻቸው። ሙሜ ግን አልተነሱም። ዓይኗን ዓይኗን ያዩዋታል። አጸደም የገዛ አፏ እንዲህ ሲል ሰማችው፦

«አይወጣም። እኔ አለሁ።»

ሙሜ ዱላቸውን አነሱ። «እንግዲያ አደራ» ብለው ወጡ።

አጸደ በዕድሜዋ ለማንም «እኔ አለሁ» ብላ አታውቅም። ወደ ቤቷ ስትሄድ ቃሉን ደጋግማ አለችው። ጉሙ ውስጥ «እኔ አለሁ፣ እኔ አለሁ» ትላለች፤ ሌላ ሰው ከጎኗ እየሄደ የሚናገር ይመስላታል።

በሚቀጥለው ሰኞ፣ የቢሮው ታይፒስት ፈለቀች ቀኗ ሳይደርስ ምጥ ይዟት ሐኪም ቤት ገባች። የሦስቱን ምስክሮች ቃል ጨርሳ፣ የሙሜ ብቻ አንድ ገጽ ቀርቷታል። ፋይሉ ደግሞ በዚያው ቀን ለዳኛው መድረስ አለበት። አቶ ኃይለገብርኤል ወዲያ ወዲህ ተንጎራደዱና አጸደን ጠሯት።

«አብዱልቃዲር ዘንድ ውሰጂው።»

አብዱልቃዲር በፍርድ ቤቱ በር፣ ቁንዶ በርበሬው ዛፍ ሥር፣ የጽሕፈት መኪናውን ሳጥን ላይ አስቀምጦ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ነው። ለከሳሽም ይጽፋል፣ ለተከሳሽም ይጽፋል። አንዳንዴ ክሱንም መልሱንም በአንድ ቀን ይጽፋል።

«ውጭ?» አለች አጸደ።

«ምን ላድርግ? እኔ መኪና መምታት አልችልበት። ምስጢር እንዳያወጣ ቃል የሚገባበት ወረቀት ይኸው፤ መጀመሪያ ይፈርም። አጠገቡ ትቀመጫለሽ፣ ከዓይንሽ አይራቅ። ዳኛው ግልባጩ አይነበብም እያሉ አስቸግረውኛል፤ ከንብረት ክፍል ሁለት አዲስ ካርቦን አውጥቻለሁ። በእጅ የተጻፈው አንድ፣ የታተመው ሦስት፤ አራት ወረቀት ይዘሽ ትመጫለሽ። ስንት?»

«አራት።»

«በርቺ።»

አብዱልቃዲር የቃል መግቢያውን ወረቀት አነበበና ሳቀ። «ምስጢር እንዳላወጣ? እህቴ አጸደ፣ እኔ እኮ የምጽፈውን አላነብም። የሚያነበው ጣቴ ነው። ጣቴ ደግሞ አፍ የለውም፤ አልሃምዱሊላህ።»

ፈረመ። ወረቀት በካርቦን፣ ወረቀት በካርቦን እያነባበረ ወደ መኪናው አስገባ። አጸደ ባለጉዳይ በሚቀመጥበት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ዓይኗን ከወረቀቱ አልነቀለችም። ጣ ጣ ጣ ጣ አለ መኪናው። መስመሩ ሲያልቅ ደወሉ ቅጭል ይላል፣ አብዱልቃዲር በእጁ መልሶ ይገፋዋል፣ ደግሞ ጣ ጣ ጣ ጣ። ጉሙ ወርዶ ዛፉን ሸፈነው። ድምፁ አሁን ከመኪናው ሳይሆን ከሩቅ፣ ከታች፣ ከቆላ የሚመጣ መሰላት። ሃዲዱ ታያት። ያ ድምፅ እየቀረበ፣ እየቀረበ... የአባቷ መዶሻ፣ የጋለው ጠጠር፣ በነፋስ የሚበር የእናቷ ነጠላ። በመስኮት እጃቸውን የሚያወዛውዙ መንገደኞች ሁሉም ስሟን ያውቃሉ...

«እህቴ! አለቀ እኮ! የት ደርሰሽ ነው?»

ደንግጣ ተነሳች። አራት ወረቀት ቆጠረች። ሁለቴ ቆጠረች። በደረቷ አቅፋ ሄደች፣ አስረከበች፣ ደብተሯ ላይ በቀኝ በኩል «4 ገባ» ብላ ጻፈች። አቶ ኃይለገብርኤልም ቆጠሩና «ጎበዝ» አሏት። የዚያን ቀን ሁሉ ደስ ብሏት ዋለች።

ሐሙስ ዕለት ጉሙ ገፈፍ ብሎ ፀሐይ ወጣ። አጸደ በፍርድ ቤቱ በር ስታልፍ አብዱልቃዲር አንድ ካርቦን አንስቶ ወደ ፀሐዩ ይዞታል። እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ካርቦን ውድ ነውና ቀለሙ ማለቅ አለማለቁን በብርሃን ያያል።

አጸደ ቆመች። ሰማያዊው ካርቦን ፀሐይ ሲያገኘው መስኮት ሆነ። በላዩ ላይ ነጫጭ ፊደሎች ተደርድረዋል። ሳታስበው አንዱን ረገጠች። ሙ። ቆመች። ወደሚቀጥለው ዘለለች። ሜ።

 ወረቀት ቆጥራለች፤ ካርቦን ግን ማን ቆጠረ? ማንም። ካርቦን ወረቀት ነው ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም።

«አ... አብዱልቃዲር። እሱ የኛ ነው።»

«የቱ? ይሄ?» ካርቦኑን አገላብጦ ሲያየው ፊቱ ተለወጠ። «ያ ረቢ! ለካ... እኔ እኮ ጣቴን ነው እንጂ...»

«ሁለት ነበር።»

አብዱልቃዲር ካርቦኑን አጣጥፎ ሰጣት። 

«አንዱን» አለ ቀስ ብሎ፣ «ማክሰኞ ዕለት አንዲት ሴት ለጥልፍ ብላ ወሰደችው። ያው ታውቂያለሽ፣ ሴቶቹ ንድፍ ጨርቅ ላይ ለማሳረፍ የተጻፈበት ካርቦን ይለምኑኛል፤ እኔም እሰጣለሁ።»

«ማን ናት?»

«የባሏን የዋስትና ማመልከቻ ልታስጽፍ መጥታ ነው። ሳህሊቱ... የመኮንን ሚስት።»

ሳህሊቱ ለታሰረው ባሏ ስንቅ ለማቀበል ከቦርደዴ ወጥታ እዚያው አሰበ ተፈሪ፣ ከገበያው በላይ አንድ ክፍል ተከራይታለች። አጸደ ዳገቱን ስትወጣ የምትናገረውን አዘጋጀች። «ጤና ይስጥልኝ፤ ከአብዱልቃዲር የወሰድሽው ካርቦን በስሕተት ነውና...» ዳገቱ ላይ አሥር ጊዜ አለችው። በሩ ሲከፈት አንድም አልቀረላት።

«ይግቡ እትዬ፣ ምነው ደጅ ቆሙ?»

«ካርቦን» አለች አጸደ።

«ምን አሉ?»

«ካርቦኑን። የ... የመንግሥት ነው።»

ሳህሊቱ ሳቀች፤ የደስታ ሳቅ አይደለም። «ወይ ጉድ! መንግሥት ባሌን ወስዶ አልጠገበም? ካርቦኔም አማረው?»

ቢሆንም አስገባቻት። ጠረጴዛው ላይ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ተዘርግቷል፤ መሐሉ ላይ ጣዎስ ተነድፏል። አንገቱና ደረቱ በአረንጓዴ ክር ተጠልፎ አልቋል፤ ጭራው ገና ነው። ሳህሊቱ ጨርቁን ገለጥ አድርጋ ካርቦኑን ሳበችው። በመስኮቱ በሚገባው ብርሃን አጸደ አየችው፤ የጣዎሱ ጭራ በፊደሎቹ ላይ ተዘርግቶ፣ ከላባዎቹ መሐል ስሙ ይታያል።

«ምን አለበት?» አለች ሳህሊቱ፣ ሳትለቅላት።

አጸደ መዋሸት አትችልበትም፤ ውሸት ፈጣን ምላስ ይፈልጋል።

«ቃሌ አለበት። ለአንድ ሰው... አይወጣም ብያለሁ።»

ሳህሊቱ ካርቦኑን እጇ ላይ አኖረችላትና ተቀምጣ መርፌዋን አነሳች። ክሩን ለማስገባት ሁለት ሦስቴ ሞከረች፤ አልገባላትም።

«ወጥቷል፣ እትዬ። ጭራው አልታይ ብሎኝ መስኮቱ ላይ ለጥፌው ነው ያነበብኩት። እኔ ስምንተኛ ክፍል ደርሻለሁ።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ዓባይ ትናንት እዚያ እርስዎ ካሉበት ተቀምጦ ነበር። ‹ማን እንደሆነ ባወቅኩ› እያለ ጥርሱን ያፋጫል። የሻዩን ብርጭቆ ያስቀመጠው እዚህ ጨርቅ ላይ ነው። ስሙ ከብርጭቆው ሥር ነበር። እኔ ስኳር ጨመርኩለት።»

«አልነገርሽውም?»

«አልነገርኩትም። የሙሜ ሚስት ረዲያ ስወልድ አርሳኛለች።» ክሩን በምላሷ አረጠበችው። «ነገ ግን እንጃ። መኮንን ባሌ ነው፤ ሁለት ልጅ ወልጄለታለሁ። ይውሰዱልኝ፣ ከቤቴ ይውጣ። ከራሴ ግን ማን ያወጣዋል?»

አርብ ጠዋት አጸደ ሁለቱንም ካርቦን አቶ ኃይለገብርኤል ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና የሆነውን ተናገረች። ረጅም ጊዜ ወሰደባት። እሳቸው ክብሪት አውጥተው ካርቦኖቹን በሲጋራ መተርኮሻው ውስጥ አቃጠሉ። ጭሱ ሰማያዊ ነበር።

«አለቀ» አሉ።

«ሴትየዋ አንብባዋለች።»

«ስሚኝ አጸደ። አንቺ ዝም ካልሽ፣ እኔ ዝም ካልኩ፣ ማን ያውቃል? ለቀጠሮው አሥራ ሦስት ቀን ነው የቀረው። ሙሜ ከሰሙ ይሸሻሉ። እሳቸው ከሸሹ ክሱ ወደቀ፣ ሰውየው ወጣ፣ እኛም ተጠያቂ ሆንን። ገባሽ?»

ገብቷታል። «ገባኝ» አለች። የቀረው የመጣላት ኮሪደሩ ላይ ነው። «እሳቸው እኮ ያመኑት እርስዎን አይደለም፣ መንግሥትንም አይደለም» አለች ለግድግዳው። ደብተሯን አወጣችና በግራ በኩል፣ የወጣው በሚጻፍበት፣ በጠማማ ፊደሏ «ሙሜ» ብላ ጻፈች። በቀኝ በኩል ያለው ባዶ መስመር እያያት ዋለ።

እሑድ ጠዋት ከጭነት መኪና ጋቢና ተሳፍራ ወደ ቆላ ወረደች። ጉሙ እላይ ቀረ። ከሚኤሶ ወዲያ ሙቀቱ መንገዱን ያቀልጠዋል፤ ከፊት ውሃ ይታያል፣ ሲደርሱበት ይጠፋል፣ ደግሞ ወደፊት ሄዶ ይተኛል። አሰቦት ላይ የገዳሙ ተራራ በዋዕዩ ውስጥ ከመሬት ተነስቶ የተንሳፈፈ መሰለ። አጸደ አማተበች። የተወለደችበትን ጣቢያ ስታልፍ ዓይኗን ጨፈነች፤ ዛሬ የትም እንዳትወሰድ።

ቦርደዴ ስትደርስ ሙሜ ከመጋዘኑ ደጅ፣ ግራር ሥር ተቀምጠዋል። ገና ሲያዩዋት ዱላቸውን ይዘው ተነሱ። ያለምክንያት ከደጋ የሚመጣ ሰው የለም።

በኦሮምኛ ሰላም ተባባሉ፤ ከብት ደህና፣ ልጅ ደህና፣ ዝናብ እንዴት ነው ተባባሉ። ሰላምታው አለቀ። አጸደ መሬት መሬት እያየች ተናገረችው።

«ስምዎ ወጥቷል።»

ሙሜ ወደ ሜዳው ዞሩ። ከሩቅ ግመሎች በዋዕዩ ውስጥ እግር የሌላቸው ይመስል ይሄዳሉ።

«ማን አወጣው?»

«እኔ።»

«ተናገርሽ?»

«አልተናገርኩም። ረሳሁት። ሰውየው ሲጽፍ ድምፁ ባቡር መሰለኝና... ሄድኩ። ስመለስ ካርቦኑን ሳልይዝ መጣሁ።»

ሙሜ አዩዋት፣ አዩዋትና ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የተቆጡ መስሏት ነበር፤ ለካ እየሳቁ ነው።

«ወላሂ፣ ስሜን ለባቡር ሰጠሽው በይኛ! እኔ በዕድሜዬ ተሳፍሬ አላውቅም፤ ስሜ ቀደመኝ።» ከዚያ ሳቁ ቆመ። «ለምን ነገርሽኝ? ዝም ብትይ በሰላም እተኛ ነበር።»

«አለሁ ብዬዎት ነበር» አለች። ምላሷ ለአንድ ጊዜ አልታሰረም። «አለሁ ያለ ሰው፣ ካጠፋም መጥቶ አጠፋሁ ይላል እንጂ ሌላ ምን ያደርጋል?»

ሙሜ የመጋዘኑን በር፣ የግራሩን ጥላ፣ የጎጇቸውን ጣራ ተራ በተራ አዩ። «ዛሬ እሄዳለሁ። ረዲያንም ፍየሎቹንም ይዤ። የምሄድበትን አልነግርሽም።»

«አይንገሩኝ።»

«ቂም ይዤ አይደለም። ሸክም እንዳይሆንብሽ ብዬ ነው።»

«ቀጠሮው በዚህ ሐሙስ አይደለም፣ በሚቀጥለው ሐሙስ ነው። ይመጣሉ?»

«አላህ ያውቃል» አሉና ወደ ጎጇቸው ሄዱ። ወደ ኋላ አልዞሩም።

ረቡዕ ዕለት ወሬው ከቦርደዴ ወደ አሰበ ተፈሪ ወጣ። ሁለት ሰዎች ዱላ ይዘው የመጋዘኑን ዘበኛ ሊፈልጉ መጥተው፣ ጎጆው ባዶ፣ ጋጣው ባዶ ሆኖ አግኝተውታል። ሳህሊቱ አልቻለችም ማለት ነው። አጸደ ይህን ስትሰማ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። አሳዘነቻትም፣ ፈራችም፤ ግን እሑድ ባትሄድ ኖሮ ረቡዕ ምን ይሆን ነበር ብላ አሰበች።

አቶ ኃይለገብርኤል ጠሯት። «ዘበኛው የት ሄደ?»

«አላውቅም። ግን እንዲሄዱ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ነገርኳቸው።»

ሰውየው መነጽራቸውን አወለቁ። ሊጮሁ የፈለጉ ይመስላል፤ ግን የሁለቱን ሰዎች ወሬ እሳቸውም ሰምተዋል። «በቀጠሮው ካልመጡ» አሉ በመጨረሻ፣ «ሥራሽን እርሺው። እኔም የኔን።»

«እሺ» አለች።

እስከዚያ ድረስ ግን ሥራዋን ሠራች። ደብተሯ ላይ በማስመሪያ አዲስ መስመር አሰመረችና ከላዩ «ካርቦን» ብላ ጻፈች። አብዱልቃዲርም ከዚያ ወዲያ ለጥልፍ የሚለምኑትን ሴቶች «ካርቦኔ ምስጢረኛ ሆኗል፣ አግብቷል» እያለ ይመልሳቸው ጀመር።

የቀጠሮው ሐሙስ ጉሙ ከባድ ነበር። ከፍርድ ቤቱ ግቢ ከሁለት እርምጃ በላይ አይታይም። ሰው እየሳለ፣ ጋቢውን እየሰበሰበ ይገባል፤ ፊት አይለይም። ዓባይ በሩ አጠገብ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ሳህሊቱ ከግድግዳው ተጠግታለች። አጸደን ስታይ ዓይኗን ሰበረች።

«አልቻልኩም እትዬ» አለች በሹክሹክታ። «እርስዎ ከሄዱ በኋላ አራት ቀን ቻልኩት።»

አጸደ ክንዷን ነካ አድርጋት አለፈች።

ሦስቱ ምስክሮች ተራ በተራ ተጠሩ፣ ገቡ። ከዚያ የችሎቱ ጠሪ ወደ በረንዳው ወጣ። አጸደ ከቢሮው በር ላይ ደብተሯን በደረቷ ይዛ ቆማለች። እንዳይወጣ የለመነችው ስም፣ በላባ መሐል ያየችው ስም፣ አሁን በሰው ሁሉ ፊት በትልቅ ድምፅ ተጠራ።

«ሙሜ ዑመር!»

ጉሙ ዝም አለ። ዓባይ ፈገግ አለ።

«ሙሜ ዑመር!»

አቶ ኃይለገብርኤል ከውስጥ ብቅ ብለው አዩዋት። አጸደ አላየቻቸውም። ጆሮዋን ወደ ጉሙ ሰጥታለች፤ በልጅነቷ ባቡሩ ከመታየቱ በፊት ሃዲዱን ታዳምጥ እንደነበረው።

ጠሪው ለሦስተኛ ጊዜ አየር ሳበ። አልተናገረም ገና። ከታች፣ ከመንገዱ በኩል፣ ድንጋይ የሚመታ ዱላ ተሰማ። ቀ... ቀ... ቀ። አይቸኩልም።

«ሙሜ ዑመር!»

«አቤት!»

መጀመሪያ ዱላው፣ ከዚያ ሽርጡ፣ ከዚያ ሰውየው ከጉሙ ወጡ። የቆላ አቧራ ጫማቸው ላይ አለ። ዓባይን ሳያዩት አለፉት። አጸደ አጠገብ ሲደርሱ ግን እርምጃቸውን ገታ አድርገው፣ እሷ ብቻ በምትሰማው ድምፅ በኦሮምኛ፦

«እኔም አለሁ» አሏት፤ ወደ ችሎቱም ገቡ።

አጸደ ደብተሯን ገለጠች። በግራ በኩል «ሙሜ» የሚለው አለ። በቀኝ በኩል፣ ባዶ በቀረው መስመር ላይ፣ አንዱን ፊደል ረግጣ ወደሌላው እየዘለለች «ገባ» ብላ ጻፈች። አብዱልቃዲር ከኋላዋ መጥቶ አንገቱን አስግጎ ያይ ነበር። በእጇ አልከለለችውም።